የጌምቦዩ ፋይናል ፋንታሲ 6 ሙዚቃ ለምን ሳሳ? ይመለሳል ወይ?

ጥያቄ፦ «ፋይናል ፋንታሲ 6ን መጀመሪያ የተጫወትኩት በሱፐር ኒንቴንዶ ነው። አሁን የጌምቦይ አድቫንሱን ካርትሪጅ አግኝቼ እንደገና ጀምሬዋለሁ። ጨዋታው ያው ነው፣ ሙዚቃው ግን አይደለም። ሳስቷል፤ ከሥሩ "ሽሽሽ" የሚል ነገር አለ፤ አንዳንዱ መሣሪያ ጭራሽ የማውቀው አይመስልም። የድሮውን መመለስ ይቻላል? ለምን ዝም ብለው የሱፐር ኒንቴንዶውን ድምፅ ቀድተው አላስገቡትም? ደግሞ ጨዋታው ግማሽ ላይ ደርሻለሁ፤ ሙዚቃውን ብነካካ ሴቭ ያደረግኩት ይጠፋብኛል?»

ምላሽ፦ ጆሮህ አልዋሸህም፣ ወንድሜ። ሙዚቃው በእርግጥ ተለውጧል፤ ደግሞም ይመለሳል። ለዚህ ጨዋታ ደጋፊዎች የድምፅ ማስመለሻ ፓች (የጨዋታውን ፋይል የሚቀይር ትንሽ ፋይል) ከሠሩ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ ከዜሮ መጀመር አይጠበቅብህም። ችግሩ ፓቹን ጭነህ «አሁንም ቁርጥ ድሮውን አይደለም» ማለትህ አይቀርም። ልክም ነህ። የቱ እንደሚመለስና የቱ እንደማይመለስ ለመለየት መጀመሪያ ምን እንደጠፋ ማየት ያስፈልጋል። መልሴ ረዘም ይላል፤ ታገሠኝ።

ነገሩ የሚጀምረው ከሁለቱ ማሽኖች ነው። ሱፐር ኒንቴንዶ በ1990 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጃፓን ውስጥ ሱፐር ፋሚኮም ተብሎ ሲወጣ፣ ለድምፅ ብቻ የተመደበ የራሱ ክፍል ነበረው። የሠራው ሶኒ ነው። የነደፈው ደግሞ ኋላ ላይ «የፕሌይስቴሽን አባት» የተባለው ኬን ኩታራጊ። ይህ ክፍል የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ 64 ኪሎባይት ሚሞሪ፣ እና ስምንት ድምፆችን በአንድ ጊዜ የሚያጫውት ቺፕ አለው። ውጤቱ በሰከንድ 32,000 ነጥብ (ነጥብ የምለው የድምፁን አንድ ቅጽበት የሚይዝ ቁጥር ነው)፣ 16 ቢት፣ ስቴሪዮ ነው። የገደል ማሚቶ የሚሠራለት ኤኮም እዚያው ቺፑ ውስጥ አለ። የጨዋታው ዋና ፕሮሰሰር «ይህን ዘፈን ጀምር» ብሎ ያዛል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ጌምቦይ አድቫንስ በ2001 ሲመጣ በወረቀት ላይ ብዙ ነገሩ ይበልጣል። ፕሮሰሰሩ 32 ቢት አርም ነው፤ 16.78 ሜጋሄርዝ ይሮጣል። በድምፅ ግን ወደ ኋላ የተመለሰ ማሽን ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ያለው ከድሮው ጌምቦይ የወረሳቸው አራት ቀላል የድምፅ ቻናሎች፣ በተጨማሪም ሁለት ባለ 8 ቢት ማጫወቻዎች ናቸው። ሁለት ብቻ። አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ ካዋልክ አለቀ። ስምንት መሣሪያ አብረው እንዲሰሙ ከፈለግህ ስምንቱን ደምሮ ወደ ሁለት የሚያወርደው ራሱ ፕሮሰሰሩ ነው፤ ያው ጨዋታውን የሚያስኬደው ፕሮሰሰር። ለድምፅ የሰጠኸው እያንዳንዱ ጉልበት ከጨዋታው ላይ የተቀነሰ ነው።

ኖቡኦ ኡኤማትሱ የፋይናል ፋንታሲ 6ን ሙዚቃ በ1994 የጻፈው ለመጀመሪያው ቺፕ ነው። ጨዋታው በ2006 መጨረሻ ወደ ጌምቦይ አድቫንስ ሲዛወር ሙዚቃው ያንን ቺፕ ወደማያውቅ ማሽን ነው የሄደው።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ እንምጣ። ኖታው አልጠፋም። ዜማው፣ ቤዙ፣ ምቱ፣ የት ቦታ ከፍ የት ቦታ ዝቅ እንደሚል፣ ይህ ሁሉ በአብዛኛው ተሻግሯል። የተጎዳው መሣሪያውና መደመሪያው ነው። መሣሪያ የምለው ኖታውን የሚጫወቱት አጫጭር የድምፅ ቅጂዎች፣ ማለትም ሳምፕሎቹ፣ ከነአነሳሳቸውና ከነአሟሟታቸው ነው። መደመሪያ የምለው እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያደርገው ፕሮግራም፣ ሚክሰሩ ነው። የምትሰማው «ሽሽሽ» ከሚክሰሩ ይመጣል። «የማላውቀው መሣሪያ» ያልከው ከሳምፕሉ። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ይህን በራስህ ጆሮ ማረጋገጥ ትችላለህ። ኤምጂቢኤ የሚባለው ኢሙሌተር (ጌምቦዩን ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕሮግራም) ቅንብሩ ውስጥ «ኤክስኪው ኦዲዮ» የሚል ምርጫ አለው፤ ገና የሙከራ ነው ተብሎ ተጽፎበታል። ኒንቴንዶ ለጨዋታ ሠሪዎች ያደለው አንድ የድምፅ ፕሮግራም አለ፤ ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ኤምፒ2ኬ ወይም ሳፒ ይሉታል። አብዛኛው የጌምቦይ አድቫንስ ጨዋታ፣ ይሄኛውም ጭምር፣ ሙዚቃውን የሚያጫውተው በሱ ነው። ያ ምርጫ ሲበራ ኢሙሌተሩ የመደመሩን ሥራ ከሳፒ ነጥቆ በኮምፒውተርህ አቅም፣ በጥሩ ጥራት ይሠራዋል። ያልተነካውን ጨዋታ ክፈትና አብርተህ አጥፍተህ አዳምጥ። ሲበራ ሽሽታው ድራሹ ይጠፋል። መሣሪያዎቹ ግን ያው ናቸው። ያኔ የቱ የሚክሰር ጥፋት፣ የቱ የሳምፕል ጥፋት እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታይሃል። እውነቱን ለመናገር፣ በኢሙሌተር ብቻ የምትጫወትና ሽሽታው ብቻ የሚያስጠላህ ከሆነ እዚሁ ላይ ማቆም ትችላለህ። ፓችም አያስፈልግህ።

«ለምን ቀድተው አላስገቡትም?» ያልከውን በሒሳብ እንየው። ሳፒ በብዙ ጨዋታዎች የሚሮጠው በሰከንድ 13,379 ነጥብ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ባይት። አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ ነው። ሲባዛ ወደ 48 ሚሊዮን ባይት ይመጣል፤ ያውም ሞኖ። ጌምቦይ አድቫንስ ካርትሪጅ ላይ በቀጥታ ሊያነብ የሚችለው ትልቁ መጠን 32 ሜጋባይት ነው። የዚህ ጨዋታ ሙዚቃ ደግሞ በሦስት ሲዲ ነው የወጣው። በግማሽ ብታምቀው እንኳን አይገባም። ቢገባም ሌላ ጣጣ አለ፤ የተቀዳ ድምፅ ጨዋታው በፈለገበት ሰዓት ፍጥነቱን ለመቀየር፣ አንዱን መሣሪያ ብቻ ዝቅ ለማድረግ፣ መግቢያውን ትቶ ከመሃል ለመድገም አይመችም።

በአንጻሩ ኦሪጅናሉን ተመልከት። ሱፐር ኒንቴንዶ ላይ አንድ ዘፈን ሲጫወት የሚያስፈልገው ነገር በሙሉ፣ ማጫወቻው ፕሮግራም፣ ኖታው፣ ሳምፕሎቹ፣ የኤኮው ማጠራቀሚያ ሳይቀር፣ በ64 ኪሎባይት ውስጥ ነው ያለው። ያንን ሚሞሪ በዘፈኑ መሃል እንዳለ ፎቶ ብታነሳው የኤስፒሲ ፋይል ይሆናል፤ መጠኑ ሁልጊዜ ወደ 66 ሺህ ባይት ነው። ሙዚቃ የማስመለስ ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ፋይል ነው። ትክክለኛዎቹ መሣሪያዎች እዚያ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ቦታም አይፈጁም። ስለዚህ «ካርትሪጁ ስለጠበበ ነው ሙዚቃው የተበላሸው» የሚለውን የተለመደ ወሬ አትመነው። የጠበበው የፕሮሰሰሩ ጊዜ ነው።

እስቲ አንድ ሳምፕል አውጥተን ወደ ጌምቦይ እናሻግር። የሱፐር ኒንቴንዶው ቺፕ ሳምፕሎቹን የሚያስቀምጠው ቢአርአር በሚባል አስተሻሸግ ነው። ዘጠኝ ባይት አንድ ጥቅል ይሆናል። የመጀመሪያው ባይት ስለ ጥቅሉ ይናገራል፤ ድምፁ በስንት ይጎላ፣ ከቀደመው ነጥብ ምን ያህል ይውረስ፣ እዚህ ያልቃል ወይስ ይደገማል። የቀሩት ስምንት ባይቶች 16 ነጥቦችን ይይዛሉ፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ 4 ቢት። ሲፈታ ጥራቱ ወደ 16 ቢት ይጠጋል። ሳምፕሎቹ የት እንደሚጀምሩና የት እንደሚደገሙ የሚናገር ማውጫ አለ፤ ለእያንዳንዱ ሳምፕል አራት ባይት፣ ሁለቱ ለመነሻው፣ ሁለቱ ለመደገሚያው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያልፋት አንዲት ነገር አለች። ጥቅሉ «ከቀደመው ነጥብ ውረስ» የሚል ከሆነ፣ የሚደገመው ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጫወትና ለሁለተኛ ጊዜ ሲጫወት አንድ አይሆንም። መጀመሪያ ሲደርስ የሚወርሰው ከሳምፕሉ መግቢያ ነው፤ ሲደገም ግን የሚወርሰው ከራሱ መጨረሻ። አንድ ጊዜ ብቻ ፈትተህ ካስቀመጥከው በየዙሩ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሊያመጣብህ ይችላል፤ በተለይ ረጅም በሚያዙ የክር መሣሪያዎች ላይ። መፍትሔው ቀላል ነው። መደጋገሚያውን ሁለት ዙር ፍታና ሁለተኛውን ዙር መደገሚያ አድርገህ አስቀምጠው።

ቀጥሎ ድምፁን ወደ 8 ቢት ማውረድ ነው። 16 ቢት ከ65 ሺህ በላይ ደረጃ አለው፤ 8 ቢት 256 ብቻ። ዝም ብለህ የታችኛውን ግማሽ ብትቆርጠው ዝግ ያለ ሳምፕል ይሞታል። ለምሳሌ ጣሪያው 8,000 ላይ የሆነ የዋሽንት ሳምፕል ብንወስድ፣ ከ32,767 ውስጥ ማለት ነው፣ ሲቆረጥ ጣሪያው 31 ይሆናል። ካሉት 256 ደረጃዎች የተጠቀመው ሩቡን ብቻ ነው። ስለዚህ ከመቁረጥህ በፊት በአራት አብዛውና እስከ ጣሪያው አድርሰው። ከዚያ የመሣሪያው ድምፅ መጠን ላይ ያንኑ ያህል ቀንስ። ጩኸቱ ያው፣ ጥራቱ ግን የተሻለ ይሆናል። ይህ ዘዴ ሙሉ ጥቅም የሚሰጠው ግን ሚክሰሩ ደህና ሲሆን ነው፤ ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

ቅኝቱም አለ። ሱፐር ኒንቴንዶ ላይ የቅኝት ቁጥሩ 4,096 ሲሆን ሳምፕሉ በሰከንድ 32,000 ነጥብ ይጫወታል። አንድ መሣሪያ መካከለኛውን ዶ የሚጫወተው በ2,048 ከሆነ ፍጥነቱ 16,000 ነው ማለት ነው። ሳፒ ይህንን ቁጥር በሳምፕሉ ራስጌ ላይ በ1,024 ተባዝቶ ይፈልገዋል፤ 16,384,000 ትጽፍለታለህ። በዓይን ሲያዩት አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን አንዱን መሣሪያ ትንሽ ብታዛንፈው ዘፈኑ በሙሉ ሆድ የሚያሻክር ይሆናል።

የድምፅ አነሳስና አሟሟት ላይ ረጋ ብዬ ልሂድ፣ ምክንያቱም «ይህ መሣሪያ የማውቀው አይደለም» የሚያሰኘው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ሳምፕሉ ትክክል ሆኖ እንኳን አነሳሱ ከተሳሳተ ጆሮ አያውቀውም። ሱፐር ኒንቴንዶ የድምፁን መጠን የሚያስተካክለው በየነጥቡ ነው። ሳፒ የሚያስተካክለው ግን በየፍሬሙ፣ ማለትም የስክሪኑ ምስል በታደሰ ቁጥር፣ በሰከንድ ወደ 60 ጊዜ ብቻ ነው። በሁለት ማስተካከያዎች መሃል ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ አለ። ለዘገምተኛ የክር ድምፅ ምንም አይደል። ለከበሮና በጣት ለሚመታ ክር ግን ብዙ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ሱፐር ኒንቴንዶ ላይ ድምፁ ተነስቶ፣ ትንሽ ወርዶ፣ ከዚያ ተይዞ እያለ በዝግታ መክሰሙን የሚወስን አራተኛ ቁጥር አለው። ፒያኖውና ደወሉ ሕይወት ያላቸው በሱ ነው። ሳፒ ይህ የለውም። ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፤ ቁልፉ እስኪለቀቅ እዚያው ይቀመጣል። የተለመደው ማምለጫ መቆሚያውን ዜሮ አድርጎ አወራረዱን በጣም ማዘግየት ነው። በየፍሬሙ መጠኑ በአንድ ቁጥር ይባዛና ለ256 ይካፈላል። ትልቁ ቁጥር 255 ነው። ስሌቱ ግን ክፍልፋይ አያውቅም፤ ስለዚህ በየፍሬሙ ቢያንስ አንድ ይቀንሳል። ከ255 ተነስቶ ዜሮ ለመድረስ 255 ፍሬም፣ ማለትም ከአራት ሰከንድ ትንሽ አለፍ ይላል። ከዚያ በላይ የሚረዝም ደወል በዚህ መንገድ አይወጣም። ሱፐር ኒንቴንዶው ላይ ከ30 ሰከንድ በላይ ወስዶ የሚከስም ድምፅ ማስተካከል ይቻል ነበር። ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ድምፆች ኖታው ውስጥ ገብቶ የድምፅ መጠኑን በትእዛዝ ቀስ በቀስ ማውረድ ይሻላል። አድካሚ ነው፣ በየዘፈኑ በእጅ የሚሠራ። ጥሩ ፓችን ከመናኛው የምለየው እኔ በዚህ ነው፤ ሳምፕል መተካት ማንም ይተካል።

ወደ ሚክሰሩ እንሂድ። ነባሩ ሚክሰር የአንዱን መሣሪያ ነጥብ ወስዶ በድምፁ መጠን ያባዛዋል፣ ከዚያ ወደ 8 ቢት ይቆርጠዋል፣ ከዚያ ይደምረዋል። ቀጣዩን መሣሪያ እንደዚሁ። ቀጣዩንም። በየመሣሪያው ትንሽ ትርፍራፊ ይጣላል። ስምንት መሣሪያ ካለ ስምንት ጊዜ ይጣላል፤ የሚሰማህ ሽሽታ የዚህ ጥርቅም ነው። ቅድም ሳምፕሉን እስከ ጣሪያው አድርሰህ መጠኑን ቀንስ ያልኩህ ጥቅሙ የሚጎድለው እዚህ ነው፤ ያተረፍከውን ጥራት ሚክሰሩ መልሶ ይቆርጠዋል። ኤኮውም የሚያነበው ያንኑ የተቆረጠ ባለ 8 ቢት ድምፅ ስለሆነ ሽሽታውን እየደጋገመ ያስተጋባዋል።

ደጋፊዎች የጻፏቸው አዳዲስ ሚክሰሮች የሚሠሩት ግልጽ ነው። ሁሉንም መሣሪያ ሰፋ ባለ ቁጥር ይደምሩና መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይቆርጣሉ። ሽሽታው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ማሽኑ የሚያወጣው ያው 8 ቢት ነውና። ግን ልዩነቱ ያስደነግጣል።

ነጥቡንም መጨመር ይቻላል። 13,379 ላይ ከ6,700 ሄርዝ በላይ የሆነ ድምፅ አይኖርም፤ የሲምባልና የክሮች ብርሃን ያለው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። 18,157 ብታደርገው ወደ 9,000 ይደርሳል። ዋጋው ምንድነው? ፕሮሰሰሩ በአንድ ፍሬም 280,896 ዑደት አለው። በ18,157 አንድ ፍሬም 304 ነጥብ ይፈልጋል። ስምንት መሣሪያ ሲሆን 2,432 ስሌት። አንዱ ስሌት 20 ዑደት ቢፈጅ ብለን እናስብ፤ ወደ 49 ሺህ ይመጣል፤ ከጠቅላላው ከስድስት አንዱ ገደማ። ለእንደዚህ ዓይነት ዝግ ያለ ሚና ተጫዋች ጨዋታ ይቻላል። ብዙ ጠላት በሚሯሯጥበት ጨዋታ ላይ ግን ፍሬም መዝለል ይጀምርልሃል። ከዚህ በላይ ከፍ ማድረግ ጥቅሙ ለኔ አይታየኝም። «ኦሪጅናሉ 32,000 ስለሆነ እኛም 31,536 እናድርገው» የሚሉ አሉ፤ የጌምቦዩን ድምጽ ማጉያ ያላዳመጡ መሆን አለባቸው።

ነጥቡን ስትጨምር ደግሞ ሳታስበው የምታበላሸው ነገር አለ፤ ኤኮውን። የሳፒ ኤኮ የራሱ ማጠራቀሚያ የለውም። ከትንሽ ጊዜ በፊት የተጫወተውን ድምፅ ከዚያው ከማጫወቻው ማጠራቀሚያ ነው የሚያነበው። ማጠራቀሚያው በየጎኑ 1,584 ነጥብ ይይዛል። በ13,379 አንድ ፍሬም 224 ነጥብ ስለሆነ ሰባት ፍሬም ይገባል፤ ኤኮው ወደ 117 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል። በ18,157 አምስት ፍሬም ብቻ ነው የሚገባው፤ ወደ 84 ይወርዳል። ቁጥሩን ብቻ ቀይረህ «ኤኮው ለምን የጠባብ ክፍል መሰለ?» ብትል ምክንያቱ ይሄ ነው። ማጠራቀሚያውንም አብረህ ማስፋት አለብህ። ሱፐር ኒንቴንዶ ኤኮውን በ16 ሚሊ ሰከንድ ደረጃ እስከ 240 ድረስ ያስረዝማል፤ የሚመለሰውንም ድምፅ በማጣሪያ ያለሰልሰዋል። ያ ልስላሴ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ሚክሰሩን ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ካልጻፍክ በስተቀር ለኤኮ ብዙ አትልፋ፤ ለኔ መጨረሻ የሚነካ ነገር ነው።

ስለ ቦታ ካነሳን፣ ፈጣኑ ሚሞሪ 32 ኪሎባይት ብቻ ነው። ጨዋታው ሲነሳ ሚክሰሩን ከካርትሪጁ ወደዚያ ይገለብጠዋል፤ ከካርትሪጁ ቢሮጥ ይዘገያልና። አዲሱ ሚክሰር ከራሱ ኮድ ሌላ ለመደመሪያ 304 ነጥብ በሁለት ጎን፣ በሁለት ባይት፣ 1,216 ባይት ይፈልጋል። ትንሽ ይመስላል። ግን ጨዋታው የማይጠቀምበትን 1,216 ባይት ማግኘት ከሥራው ሁሉ የከበደው ነው። ጨዋታው አልፎ አልፎ ብቻ የሚነካው ቦታ ላይ ከጻፍክ፣ ሰላም የነበረው ነገር አንድ ቦታ ስትደርስ ድንገት ይፈርሳል። ስለዚህ አዲስ የወጣና ብዙ ሰው እስከ መጨረሻው ያልተጫወተበት ፓች ሲያጋጥምህ ተጠንቀቅ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ከኦሪጅናሉ ጋር ስታወዳድር ከምን ጋር እንደምታወዳድር እወቅ። የሱፐር ኒንቴንዶ ቺፕ ሳምፕሉን ሲያጫውት አራት ጎረቤት ነጥቦችን እያመዛዘነ ነው፤ ጋውሲያን ይባላል። ይህ ከፍተኛውን (ቀጭኑን) ድምፅ ይሸፍነዋል፤ «ሞቅ ያለ» የምንለው ድምፅ የሱ ነው። ሳምፕሉን ጥሬውን ወደ ጌምቦይ ብታሻግረው ከኦሪጅናሉ የተሳለ ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። አንዳንድ ሠሪዎች ይህን አስቀድመው ያለሰልሱታል። እኔ አልደግፍም። ጌምቦዩ ራሱ ከፍተኛውን ድምፅ ስለሚቆርጠው ሁለት ጊዜ መሸፈን ይሆናል። ማወዳደሪያህም ሲዲው ሳይሆን የሱፐር ኒንቴንዶው መውጫ ይሁን። በምን እንደምታዳምጥም አስብበት፤ ጌምቦይ አድቫንስ ያለው አንድ ሞኖ ድምጽ ማጉያ ነው። በሱ ከግራ ቀኝ ልዩነት ምንም አትሰማም። ኤስፒ የሚባለው ታጣፊው ሞዴል ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ስለሌለው አስማሚ ያስፈልግሃል።

አንድ ነገር ላይ ጌምቦዩ እንዲያውም ይሻላል። ሱፐር ኒንቴንዶ ላይ ሙዚቃውም የሰይፍና የአስማት ድምፁም የሚካፈሉት ስምንቱን ድምፅ ነው። አስማት ስትለቅ ከሙዚቃው አንዱ መሣሪያ ለአፍታ ሊዋጥ ይችላል። ሳፒ እስከ 12 ድምፅ ሊደምር ስለሚችል ይህን ማስቀረት ይቻላል። «ኦሪጅናሉ ይዋጥ ስለነበር እንዲዋጥ እንተወው» የሚል ክርክር አይቻለሁ። እንዲህ ያለውን ታማኝነት ለሚወዱት እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ተግባሩ። ፓች ሮም (ከካርትሪጁ የተገለበጠው የጨዋታ ፋይል) አይደለም፤ የልዩነቱ ፋይል ነው። የራስህን ካርትሪጅ በካርትሪጅ ማንበቢያ ወደ ፋይል ገልብጥ፤ ኮፒውን አስቀምጥና በሌላ ኮፒ ላይ ሥራ። ፓቹ ለየትኛው አገር እትም እንደተሠራ አንብብ። የጃፓኑ፣ የአሜሪካውና የአውሮፓው እትም በውስጣቸው አንድ አይደሉም፤ ለአንዱ የተሠራው ሌላውን ያበላሻል። ፓቹ ዩፒኤስ ወይም ቢፒኤስ ዓይነት ከሆነ እሰየው፤ ሮሙ ትክክለኛው መሆኑን ራሱ ይመረምራል፣ ካልሆነ እንቢ ይላል። አይፒኤስ ከሆነ ግን ምንም አይጠይቅም። የተሳሳተ ሮም ላይም ዝም ብሎ ይጽፋል፤ የምታውቀው ጨዋታው ሲጠቁርብህ ነው። ስለዚህ ለአይፒኤስ የሮምህን ሲአርሲ ቁጥር (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) ከፓቹ ማብራሪያ ጋር ቀድመህ አመሳክር። ትርጉም ወይም የቀለም ማስተካከያ ፓችም መጨመር ከፈለግህ አብረው መሄዳቸውን መጀመሪያ አረጋግጥ፤ ሁለቱም አንድ ባዶ ቦታ ላይ የጻፉ ከሆነ አንዱ ሌላውን ይደመስሰዋል።

የሴቭህ ነገር። ጨዋታው ውስጥ፣ ከሜኑው ገብተህ ያደረግኸው ሴቭ አይነካም። እሱ የሚይዘው የደረጃህን፣ የዕቃህንና ያለህበትን ቦታ እንጂ ድምፁን አይደለም፤ የድምፅ ፓች ደግሞ እሱን አይነካካም። ኢሙሌተር ላይ ከሆንክ የሴቭ ፋይሉ ስም ከአዲሱ ሮም ስም ጋር አንድ መሆን አለበት፤ አለዚያ ኢሙሌተሩ አያገኘውምና «ጠፋብኝ» ብለህ ትደነግጣለህ። ስሙን ማስተካከል ብቻ ነው።

ሴቭ ስቴት (ጨዋታው ሳይሆን ኢሙሌተሩ ራሱ የሚያስቀምጠው) ግን ሌላ ነው። እሱ ሚሞሪውን በሙሉ እንዳለ ነው የሚያስቀምጠው። ቅድም እንዳልኩህ ጨዋታው ሲነሳ ሚክሰሩን ወደ ፈጣኑ ሚሞሪ ይገለብጣል። ከፓቹ በፊት ያስቀመጥከውን ስቴት ፓች ባለው ሮም ላይ ብትከፍት የድሮው ሚክሰር አብሮ ይመለሳል፤ ካርትሪጁ አዲስ፣ ሚሞሪው አሮጌ ይሆናል። ወይ ድምፁ ይመሰቃቀላል ወይ ጨዋታው ይቆማል። «ፓቹ አይሠራም» ከሚሉት ሰዎች ብዙዎቹ የሚያደርጉት ይህንን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሴቭ ማድረጊያ ቦታ ወይም የዓለም ካርታው ላይ ውጣ፣ በጨዋታው ሜኑ ሴቭ አድርግ፣ ዝጋ። ከዚያ ፓቹን ጫን፣ ሮሙን እንደ አዲስ ክፈትና ከዚያው ሴቭ ቀጥል። የድሮ ስቴቶችህን ደግሞ በስህተት እንዳትከፍታቸው ወደ ሌላ ፎልደር አውጣቸው።